ዓይኔ ለምን ደረቀ? ምክንያቱን ስንፈልግ የምንሠራቸው ስህተቶች

ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ ነቅቼ ዓይኔን ለመግለጥ የማልደፍርበት ጊዜ ነበር። የዓይን ቆቡ ከዓይኔ ጋር ተጣብቋል። ቶሎ ከገለጥኩት እንደ ፕላስተር እየተላጠ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በጨለማ ትራስ ሥር ያስቀመጥኳትን ጠብታ በዳበሳ እፈልጋለሁ። በዓይኔ ጥግ አንጠባጥብና እስኪርስ እጠብቃለሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ እገልጣለሁ። ሰው «ዓይኔን ግንባር ያድርገው» ብሎ ሲምል በሰማሁ ቁጥር «ተው፣ በዓይን አይቀለድም» ማለት ያምረኝ ጀመር።

ምክንያቱን ለማወቅ ሁለት ዓመት ተኩል ፈጀብኝ። ከዚያ ውስጥ ግማሹን ያባከንኩት እኔው ራሴ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈውም ሐኪምን የሚተካ ነገር አይደለም። ግን እነዚህን ስህተቶች አንድ ሰው ቀደም ብሎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዙ ሌሊት ይተርፈኝ ነበር።

«የሚያነባ ዓይን እንዴት ይደርቃል?» ብሎ መተው

ነፋስ ሲነካኝ እንባዬ ጉንጬ ላይ ይወርድ ነበር። መጀመሪያ «ደረቅ ዓይን ነው» የተባልኩ ቀን ሳቄ መጣ። ይሄ ሁሉ እንባ እየወረደ?

ነገሩ እንዲህ ነው። እንባ ውኃ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ውኃው ዓይን ላይ ተለጥፎ እንዲቆይ የሚያደርግ ዝልግልግ ነገር አለ። መሐል ላይ ከእንባ ዕጢ የሚመጣው ውኃ አለ። ከላይ ደግሞ ውኃው እንዳይተን እንደ ክዳን የሚሸፍነው ስስ ዘይት አለ። ዘይቱ ሲጎድል ውኃው ይተናል፣ የዓይን ገጽ ይቆጣል። ያኔ አንጎል ተደናግጦ የእንባ ዕጢውን በአንዴ ይለቀዋል። ጎርፍ ይመጣል ማለት ነው። ጎርፍ ደግሞ ማሳ አያጠግብም፤ ጠራርጎ ይሄዳል እንጂ። ስለዚህ ዓይናችሁ እያነባም የሚቆረቁር፣ የሚያቃጥል፣ አሸዋ የገባበት የሚመስል ከሆነ «እኔን አይመለከተኝም» ብላችሁ አትለፉት።

«ደረቅ ዓይን» የሚለውን ስም እንደ መልስ መቀበል

ትልቁ ስህተቴ ይሄ ነው። ስሙን ሲነግሩኝ ምክንያቱን የነገሩኝ መሰለኝ። «ደረቅ ዓይን ነው፣ ይህን ጠብታ አድርግ» ተባልኩ፤ አመስግኜ ወጣሁ። ነገር ግን ደረቅ ዓይን ማለት «ትኩሳት አለብህ» እንደማለት ነው። ትኩሳቱ ከየት መጣ? ጥያቄው ገና አልተነካም።

ጥያቄውን መጀመሪያ የነካችው ሦስተኛዋ ሐኪም ናት። ቀጭን የወረቀት ቁራጭ አወጣች። ጫፏን አጥፋ የታችኛው ቆቤ ውስጥ ሰካችና ሰዓቷን አየች። ሽርመር የሚባለው ምርመራ ነው፤ በ1903 ያስተዋወቀው ኦቶ ሽርመር የተባለ ጀርመናዊ የዓይን ሐኪም ነው። አምስት ደቂቃ ትቀመጣላችሁ። ወረቀቷ ከዓይናችሁ ተንጠልጥላ ስትታዩ ለጉድ ናችሁ። ያለ ማደንዘዣ ሲደረግ ወረቀቷ 10 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከረጠበች ውኃው ደህና ነው ይባላል። ከ5 በታች ከሆነ የእንባ ዕጢው መጠርጠር አለበት። የእኔ 14 ሆነ። ውኃ አለኝ ማለት ነው።

ቀጥላ ቢጫ ቀለም አደረገችብኝና «አንዴ አርገብግብ፣ ከዚያ ሳትጨፍን ቆይ» አለችኝ። በሰማያዊ ብርሃን እያየች መቁጠር ጀመረች። ቀለሙ ላይ ጥቁር ቀዳዳ እስኪታይ ያለው ጊዜ የእንባው ዕድሜ ነው፤ ከ10 ሰከንድ ካነሰ አጭር ይባላል። እሷ ሦስት ላይ አቆመች። «ውኃው አለ፣ ግን አይቆይም» አለች።

በመጨረሻ የቆቤን ጠርዝ በጥጥ ጫፍ ጫን አደረገችውና በመስተዋት አሳየችኝ። እዚያ ጠርዝ ላይ፣ ከሽፋሽፍቱ ጀርባ፣ የዘይት ዕጢዎች በሰልፍ ቆመዋል። ሚቦሚያን ይባላሉ፤ ስማቸው በ1666 ስለ እነሱ ከጻፈው ከጀርመናዊው ሐኪም ከሃይንሪሽ ሚቦም የመጣ ነው። ከላይ ከ25 እስከ 40፣ ከታች ከ20 እስከ 30 ይሆናሉ። ጤነኛ ቢሆኑ ሲጫኗቸው እንደ ምግብ ዘይት የጠራ ጠብታ ይወጣል። ከእኔ የወጣው የጥርስ ሳሙና የመሰለ ነጭ ነገር ነው። ከአንዳንዶቹ ምንም አልወጣም።

ይሄ ሁሉ ምርመራ ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ውስጥ ግን ማንም አላደረገልኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አሁን ለሚጠይቀኝ ሁሉ የምለው አንድ ነው፦ «ደረቅ ነው» ስትባሉ «የጎደለው ውኃው ነው ዘይቱ?» በሉ። የዘይቱ ችግር በብዛት የሚታየው ነው። ሁለቱም አንድ ላይ የሚጎድሉበት ሰውም ሞልቷል። መልሱን ከቁጥሩ ጋር ጻፉት፤ ለሚቀጥለው ሐኪም ከአንደበታችሁ በላይ ያስረዳል።

ጠብታ ሁሉ አንድ ነው ማለት

አይደለም። መጀመሪያ የገዛሁት ቅላት የሚያጠፋውን ነበር። በአምስት ደቂቃ ዓይኔ ወተት መሰለ፣ ደስ አለኝ። እነዚህ ጠብታዎች ግን የሚያደርጉት የደም ሥሮቹን ማጥበብ ነው፤ ዓይን አያረጥቡም። ኃይላቸው ሲያልቅ ቅላቱ ብሶ ይመለሳል። እናንተም ደግማችሁ ትጨምራላችሁ፣ እንዲህ እያለ ይዞራል። ናፋዞሊን ወይም ቴትራሃይድሮዞሊን የሚል ስም ካያችሁ ለድርቀት አይሆንም።

ሰው ሠራሽ እንባው ውስጥም ቢሆን ልዩነት አለ። በብዙ ጠርሙሶች ውስጥ ባክቴሪያ እንዳይገባ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል ኬሚካል ይጨመራል። በቀን ሁለቴ ለሚያደርግ ሰው ብዙም አይጎዳም። እንደኔ በየሰዓቱ ለሚያንጠባጥብ ግን ያው ኬሚካል የዓይኑን ገጽ ይቆጠቁጠዋል። በቀን ከአራት ጊዜ በላይ የምታደርጉ ከሆነ መከላከያ ኬሚካል የሌለበትን ጠይቁ።

የሌለበት ደግሞ ንጽሕና ይፈልጋል። በ2023 በአሜሪካ በባክቴሪያ የተበከለ ሰው ሠራሽ እንባ ተሠራጭቶ 81 ሰዎች ታመዋል፤ 14ቱ የማየት ችሎታቸውን አጥተዋል፣ አራት ሰዎች ሞተዋል። ጥፋቱ ከአምራቹ በኩል ነበር። ቢሆንም የጠርሙሱን ጫፍ ሽፋሽፍት ማስነካት፣ የተከፈተችውን የአንድ ጊዜ ጠብታ ለነገ ማሳደር፣ ከሰው ጋር መጋራት የኛ ድርሻ ነው።

ሁለት ነገር ደግሞ አይነካም። አንዱ የማደንዘዣ ጠብታ ነው፤ ወዲያው ያሳርፋል፣ ቤት ወስዶ መጠቀም ግን የዓይንን ገጽ ያቆስላል፣ ሊበሳውም ይችላል። ሌላው ያለ ሐኪም ክትትል የሚደረግ ስቴሮይድ፣ ቁጣን የሚያበርድ ኃይለኛ መድኃኒት፣ ነው። ደስ የሚል እፎይታ ይሰጣል፤ ሲራዘም ግን የዓይን ግፊት ይጨምራል፣ ሞራም ያመጣል። «ለጎረቤቴ የሠራላት ጠብታ» እሱ ሊሆን ይችላል።

ዓይንን ከሌላው አካል ለይቶ ማውራት

«የምትወስደው መድኃኒት አለ?» ስባል «የለም» እል ነበር። ውሸቴን አልነበረም። ለእንቅልፍ ብዬ በየማታው የምውጣት የአለርጂ ክኒን መድኃኒት አትመስለኝም ነበር፤ ያለ ማዘዣ ነዋ የምትገዛው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። እኔ ደግሞ የደበቅሁት መድኃኒቱን ነው።

የቆዩት የአለርጂ ክኒኖች እንባን ያደርቃሉ። አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም እንዲሁ። ለፊኛ ችግር የሚሰጡ አሉ፣ ሽንት የሚያሸኑ የደም ግፊት መድኃኒቶች አሉ። ለብጉር የሚወሰደው አይሶትሬቲኖይን የዘይት ዕጢዎቹን ያቀጭጫል። ለግላኮማ፣ ለዓይን ግፊት በሽታ፣ ጠብታ የሚያደርጉ ብዙ ሰዎች ያው መከላከያ ኬሚካል ለዓመታት ዓይናቸው ውስጥ ሲገባ ይኖራል። ይህን አንብባችሁ ግን መድኃኒት እንዳታቋርጡ፤ ያዘዘላችሁን ሰው «የሚተካው አለ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ክኒን፣ ቫይታሚን፣ ጠብታ፣ ቅባት፣ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፋችሁ ፎቶ አንሱና አሳዩ። ከመናገር ይሻላል፤ አንዱን መርሳት አይቀርም።

አፍስ? ብስኩት ያለ ውኃ መዋጥ ያቅታችኋል? ጥርሳችሁ ቶሎ ቶሎ ይበላል? መገጣጠሚያችሁ ጠዋት ጠዋት ይግተረተራል? ድካሙስ በእንቅልፍ የማይለቅ ዓይነት ነው? ይህን ለዓይን ሐኪም መንገር ለብዙዎቻችን የማይገናኝ ነገር ይመስለናል። ግን በ1933 ሄንሪክ ሾግረን የተባለ ስዊድናዊ የዓይን ሐኪም ዓይናቸው የደረቀ 19 ሴቶችን አጥንቶ ጻፈ፤ ከእነሱ 13ቱ የመገጣጠሚያ ሕመምም ነበረባቸው። ዛሬ በስሙ የሚጠራው በሽታ የሰውነት መከላከያ የራሱን የእንባና የምራቅ ዕጢዎች የሚያጠቃበት ነው። በብዛት የሚታየው በሴቶች ላይ ነው። የደም ምርመራው ነጻ ቢልም በሽታው የለም ማለት አይደለም፤ ደማቸው ላይ ምልክቱ የማይገኝባቸው ሕመምተኞች አሉ። ያኔ ከከንፈር ውስጥ ትንሽ ናሙና ይወሰዳል። ከዓይን ያለፈ ጉዳይ ነው፤ አልፎ አልፎ የሊምፍ ካንሰር ስለሚከተለው ክትትል ይፈልጋል። የታይሮይድ በሽታም ዓይንን ወደ ውጭ ገፍቶ ለነፋስ ያጋልጣል። ፊት ላይ የሚወጣው ሮዝሺያ የሚባል ቅላት ደግሞ የቆብ ዘይት ዕጢዎችን ይነካል።

ስንት ሰዓት ላይ እንደሚብስ አለመመዝገብ

ሦስተኛዋ ሐኪም ዘይቱን አገኘች። እኔም ያለችኝን አደረግሁ። ቀኑ ተሻለኝ። ሌሊቱ ግን እንደነበረ ቀረ። ተመልሼ ስሄድ «መቼ ነው የሚብስህ?» አለችኝ። «ሁልጊዜ» አልኩ። «ሁልጊዜ የሚባል መልስ የለም» ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፦ ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ፣ ሌሊት፤ ከዜሮ እስከ አሥር።

ለሁለት ሳምንት ሞላሁት። ዘጠኝና አሥር የተጻፈው ሌሊትና ስነቃ ብቻ ነው። ቀትር ላይ ሦስት፣ አራት። ወረቀቱን ገና ስታየው ጠየቀችኝ፦ «ተኝተህ ያየህ ሰው አለ?»

የዚያን ሌሊት እህቴን ፎቶ እንድታነሳኝ ለመንኳት። ጠዋት ስልኬን ከፈትኩ። ሁለቱም ቆቦቼ ሥር ነጭ መስመር ይታያል፤ ቀኝ ዓይኔ ላይማ የጥፍር ውፍረት ያህላል። «እኔ ከልጅነትህ ጀምሮ እንደዚህ ነው የምትተኛው ብዬ ነው» አለችኝ እህቴ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሐኪም ቤት ስመላለስ መልሱ ቤት ነበር።

ዓይኑን ሳይዘጋ የሚተኛ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱ አያውቅም። ጠዋት ሲነቃ የሚብስ ሕመም፣ የዓይኑ የታችኛው ክፍል ላይ ብቻ የሚታይ ጉዳት፣ ቬንትሌተር ወይም ኤሲ ባለበት የሚብስ ሌሊት ጥርጣሬውን ያጠነክራሉ። ስትተኙ ወፈር ያለ ጄል ወይም ቅባት ማድረግ፣ ነፋሱን ከፊት ማዞር፣ እርጥበት የሚይዝ የእንቅልፍ መነጽር ማድረግ ይረዳል። ቆብን በፕላስተር ማሸግም አለ፤ እሱን ግን ሐኪም ካሳያችሁ በኋላ ነው። የሚያንኮራፋ፣ እንቅልፉ ውስጥ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት፣ የላይኛው ቆቡ የላላ ሰው ደግሞ የእንቅልፍ ምርመራም ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

ቀን ቀን፣ በተለይ ወደ ማታ እየባሰ የሚሄድ ከሆነ ግን ጥርጣሬው ወደ ዘይቱ፣ ወደ ስክሪኑና ዓይን ወደ ማርገብገቡ ይዞራል።

የሙቅ ፎጣ ማስመሰል

ፎጣ ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሬ ዓይኔ ላይ ጣል አደርጋለሁ። ሙዚቃ እሰማለሁ። አሥር ደቂቃ። ለወራት ያደረግሁት ይሄን ነው። ፎጣው ግን በሁለት ደቂቃ ውስጥ ቀዝቅዟል፤ ቀሪውን ስምንት ደቂቃ እርጥብ ጨርቅ ለብሼ ነው የተኛሁት። የረጋው ዘይት የሚቀልጠው ቆቡ 40 ዲግሪ ገደማ ሲደርስና እዚያ ሲቆይ ነው። ወይ ፎጣውን በየሁለት ደቂቃው መለዋወጥ፣ ወይ ሙቀት የሚይዝ የዓይን ማስክ መጠቀም። የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ በዝቷል፤ የቆብ ቆዳ ስስ ነው። ከዚያ በኋላ የላይኛውን ቆብ ወደ ታች፣ የታችኛውን ወደ ላይ፣ በቀስታ ማሸት። የዓይንን ኳስ ሳይሆን ጠርዙን።

በነገራችን ላይ ወደ ታች ስታዩ ሽፋሽፍታችሁ ሥር ፎረፎር የመሰለ ቀለበት ካለ ማሸት ብቻ አይበቃም። ዴሞዴክስ የሚባል በዓይን የማይታይ ተባይ ሊሆን ይችላል፤ የራሱ ሕክምና አለው።

አምስት ነገር በአንዴ ጀምሮ በሁለት ሳምንት መተው

አዲስ ጠብታ፣ የዓሣ ዘይት፣ ማስክ፣ የእርጥበት ማሽን፣ ሁሉንም በአንድ ሰኞ ጀመርኩ። ተሻለኝ። የትኛው ነው ያሻለኝ? አላውቅም። ከዚያ ባሰብኝ። የትኛው ነው ያባሰብኝ? እሱንም አላውቅም። ሐኪሟ «አንድ በአንድ» ስትል ጊዜ የምታባክንብኝ ነበር የሚመስለኝ።

የዓሣ ዘይትን ካነሳሁ አይቀር፣ በ2018 ይፋ የሆነ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። 535 ሰዎች ተከፍለው ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት በቀን 3000 ሚሊ ግራም ከዓሣ ዘይት የሚገኘውን ኦሜጋ 3፣ ሌሎቹ የወይራ ዘይት ለአንድ ዓመት ወሰዱ። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። በመካከላቸው ግን ይሄ ነው የሚባል ልዩነት አልታየም። «እኔ ወስጄ ድኛለሁ» የሚል ሰው አይዋሽም፤ ምናልባት ሳይወስድም ይሻለው ነበር። እኔ በበኩሌ ገንዘቤን ለጥሩ ማስክ ነው የማውለው።

በሌላ በኩል ጊዜ የሚፈልግ መድኃኒት አለ። ሳይክሎስፖሪን የሚባለው ጠብታ ሥር የሰደደውን ቁጣ ለማብረድ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ይፈልጋል፤ መጀመሪያ ላይ ደግሞ ራሱ ያቃጥላል። በሦስተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል ዘር ዘርቶ በማግስቱ አፈሩን እንደመቆፈር ነው።

ሁሉንም በስክሪን ማሳበብ

ስክሪን ጥፋት የለውም አላልኩም። በወትሮው በደቂቃ 15 ጊዜ ገደማ የምናርገበግበው ዓይን ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ወደ ግማሽና ከዚያ በታች ይወርዳል፤ ያችም ብትሆን ሙሉ በሙሉ አትዘጋም። ስክሪኑን ከዓይን ደረጃ ዝቅ ማድረግ፣ አልፎ አልፎም ሁለቱ ቆቦች እስኪነካኩ ጨፍኖ መግለጥ ጥሩ ነው። ግን ለእረፍት ሄዳችሁ ስልክ ሳትነኩ ሰንብታችሁም ሌሊት የምትነቁ ከሆነ ምክንያቱ ሌላ ነው።

«ምንም የለብህም» ሲባል አምኖ ዝም ማለት

አንዳንድ ሰው ሕመሙ አሥር ነው፣ ምርመራው ግን ንጹሕ ነው። ወረቀቱ ይረጥባል፣ ቀለሙ ይቆያል፣ ዘይቱ ይወጣል። ቤተሰብ «አብዝተኸዋል» ይላል። ሰውዬውም ራሱን መጠርጠር ይጀምራል።

የዓይን የፊት መስታወት፣ ኮርኒያ የሚባለው፣ ከሰውነት ክፍሎች ሁሉ በነርቭ ብዛት ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። እነዚህ ነርቮች ከተጎዱ ድርቀት ሳይኖር የድርቀት ሕመም ይልካሉ። በቀዶ ሕክምና፣ በኢንፌክሽን ወይም ለረዥም ጊዜ በቆየ ቁጣ ሊጎዱ ይችላሉ። የእይታ ማስተካከያ የሌዘር ቀዶ ሕክምና ነርቮችን ስለሚቆርጥ ከሱ በኋላ ድርቀት የተለመደ ነው፤ ብዙዎች በ6 ወር፣ ቢበዛ በዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል። የማይሻላቸውም አሉ። ሐኪሙ ክፍሉ ውስጥ አንዲት የማደንዘዣ ጠብታ አድርጎ ሕመሙ መጥፋት አለመጥፋቱን ያያል። ካልጠፋ ምንጩ ከዓይኑ ገጽ ጀርባ፣ ነርቩ ውስጥ ነው ማለት ነው። ይሄ በጠብታ ብዛት አይድንም፤ የሕመም ሐኪም ያስፈልገዋል። ስለዚህ «ምንም አይታይም» ስትባሉ «የነርቭ ሕመም ሊሆን ይችላል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

አዲስ ነገርን በድሮው በሽታ ማሳበብ

ሥር የሰደደ ሕመም ያለበት ሰው ሕመም ይለምዳል። እኔ ድሮ የማውቀው መቆርቆር ነው እያልኩ አንዴ ሦስት ቀን ቆይቻለሁ፤ ኮርኒያዬ ላይ ቁስል ነበር። ደረቅ ዓይን በአንድ ቀን ማየት አይከለክልም። አንድ ዓይን ብቻ ድንገት ከቀላ፣ ብርሃን ማየት ካቃታችሁ፣ መግል የመሰለ አይናር ከመጣ፣ እይታችሁ ቢያርገበግቡትም ካልጠራ፣ በተለይ ኮንታክት ሌንስ የምታደርጉ ከሆነ፣ ሌንሱን አውጥታችሁ ያኔውኑ ተመርመሩ። ቀጠሯችሁ ለሚቀጥለው ሳምንት ቢሆንም።